የታካሚው ካርድ ክላውድ ላይ ከወጣ ቆይቷል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና ዓምዳችሁ ላይ የሕክምና ተቋማት የታካሚዎቻቸውን መረጃ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የሌላ ድርጅት የመረጃ ማከማቻ፣ ማዛወር ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም በሚል የቀረቡትን አስተያየቶች በጥሞና ተከታትያለሁ። አንዱ ጸሐፊ ክላውድን የችግር ሁሉ መፍቻ አድርጎ አቀረበ፤ ሌላው ደግሞ የታካሚ ምስጢር ከተቋሙ ግቢ አንድ እርምጃ መውጣት የለበትም ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም የሚነጋገሩት ነገሩ ገና እንዳልተጀመረና ወደፊት በአንድ የስብሰባ አዳራሽ እንደሚወሰን አድርገው ነው። በሕክምና መዝገብ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ እንደመሆኔ፣ ውሳኔው ካለፈ እንደቆየ ልመሰክር እችላለሁ። የታካሚው መረጃ ክላውድ ላይ ወጥቷል፤ ያወጣነው እኛው ሠራተኞቹ ነን፤ ያወጣንበትም መሣሪያ በየኪሳችን የያዝነው ስልክ ነው። አሁን የቀረው ምርጫ፣ ይህ መረጃ ተጠያቂ ባለበት ክላውድ ላይ ይቀመጥ ወይስ ተጠያቂ በሌለበት ላይ እንደተበተነ ይቅር የሚለው ብቻ ነው።

ይህን ስል ማንንም ልከስ አይደለም፤ ጥፋቱን የምናገረው በራሴ ላይ ነው። አንድ ምሽት አዳር ተረኛ የነበረ ሐኪም ደውሎ፣ ድንገተኛ ክፍል የገባ ታካሚ ከዚህ ቀደም ምን ምን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ከካርዱ አይቼ እንድነግረው ጠየቀኝ። ካርዱን ከመደርደሪያው አወረድሁት። ማስታወሻዎቹ በሦስት የተለያዩ ሐኪሞች እጅ የተጻፉ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጽሑፉ ለራሱም የሚነበብ አይመስለኝም። የመድኃኒት ስም በስልክ ሳነብ ብሳሳት ጥፋቱ የከፋ እንደሚሆን ስለሰጋሁ፣ ሁለቱን ገጾች በስልኬ ፎቶ አንስቼ በመልእክት መላኪያ አፕ ላክሁለት። ወዲያው አየው፤ አመሰገነኝ፤ ታካሚውም ሳይዘገይ ታከመ። ሁለት ቀን ቆይቶ ልጄ ቤት ውስጥ በታብሌቷ የልደቷን ፎቶዎች ስታገላብጥ፣ «አባዬ፣ ይሄ የማን ወረቀት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከልደቱ ፎቶዎች ቀጥሎ የታካሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜው፣ የካርድ ቁጥሩና ለቅርብ ዘመዱ እንኳ እንዲነገርበት የማይፈልገው የምርመራ ውጤት በስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ይነበብ ነበር።

ስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ሁሉ ሳልጠይቀው ወደ ክላውድ ይልክ ኖሯል፤ ታብሌቱም የተከፈተው በእኔው አካውንት ስለነበረ ከክላውዱ የሚያወርደው የእኔን ፎቶ ነው። በማግሥቱ ቁጭ ብዬ ቅጂዎቹን ቆጠርሁ። አንዱ በስልኬ ጋለሪ ውስጥ ነው። ሁለተኛው አፑ የላካቸውን ፎቶዎች ለብቻ በሚያስቀምጥበት ፎልደር፣ ሦስተኛው በእኔ ክላውድ፣ አራተኛው በልጄ ታብሌት፣ አምስተኛው በሐኪሙ ስልክ ላይ አለ፤ የእሱም ስልክ እንደ እኔው የተስተካከለ ከሆነ ስድስተኛው በእሱ ክላውድ ላይ ነው። ይህ የመልእክቶቹን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይጨምር ነው። ይህን ያጫወትኋቸው ባልደረቦቼ «አፑ እኮ መልእክቱን ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ ይመሰጥረዋል» ይሉኛል። ምስጠራው እውነት ነው፤ ሆኖም የሚጠብቀው መልእክቱን በመንገድ ላይ ሳለ ነው። በማኅተም የታሸገ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ተከፍቶ ሳሎን ውስጥ ቢተው፣ ማኅተሙ በመንገድ ላይ ለነበረው ጊዜ እንጂ ለሳሎኑ አይሆንም።

እኔ የመዝገብ ክፍል ሰው ስለሆንሁ ወረቀትን አወድሳለሁ ተብሎ ይጠበቃል፤ አላወድስም። ካርድ ይጠፋል። ስሙ አንድ ጊዜ በሃሌታው «ሀ»፣ ሌላ ጊዜ በሐመሩ «ሐ» ስለተጻፈ ብቻ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይወጣለታል፤ የደም ግፊቱ በአንዱ፣ የስኳሩ በሌላው ተመዝግቦ ሁለቱ ሳይገናኙ ዓመታት ያልፋሉ። ውሃ ይገባበታል፤ አይጥ ያገኘዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርዱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ሊገኝ ስለማይችል፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያለውን ካርድ ላቦራቶሪው ሲፈልገው አንድ ተላላኪ በኮሪደሩ ይሮጣል። ሆኖም የወረቀቱ ሥርዓት አንድ ልማድ ነበረው፤ ትሬሰር ካርድ እንለዋለን። ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ቀኑ፣ የወሰደው ክፍልና የወሳጁ ስም የተጻፈበት ጠንከር ያለ ወረቀት ይገባል። ካርዱ ሲመለስ ትሬሰሩ ይወጣል። አዲስ ሠራተኛ ሲመደብልኝ ከፋይል አደራደር በፊት የማስተምረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ካርዱ ጠፍቶ እንኳ በማን እጅ እንደጠፋ የሚነግረን እሱ ነው። የእኔ ፎቶ ስድስት ቦታ ሲበተን በቦታው የገባ ትሬሰር ካርድ አልነበረም። የምጽፍላችሁም በዋናነት ስለዚህ ክፍተት ነው።

በሚገባ የተሠራ የክላውድ ሥርዓት ይህን ትሬሰር አይረሳም። ማንኛውም ሠራተኛ የአንድን ታካሚ መዝገብ በከፈተ ቁጥር ስሙ፣ ሰዓቱ፣ የከፈተበት መሣሪያና ያየው ገጽ ይመዘገባል፤ ይህንንም መዝገብ ሠራተኛው ራሱ ሊያጠፋው አይችልም። ኤስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሀገር አቀፍ የጤና መረጃ ሥርዓቷን ሥራ ስታስጀምር ከዚህም አንድ እርምጃ ተራምዳለች። እዚያ ያለ ታካሚ በኤሌክትሮኒክ መታወቂያው ገብቶ መዝገቡን ማን እንደከፈተው ራሱ ያያል፤ የማያውቀው ስም ካየ ይጠይቃል፤ ከፈለገም መዝገቡን ለሌሎች ሐኪሞች ሊዘጋው ይችላል። በእኔ ዕይታ ስለ ክላውድ ከሚጻፈው ሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ይህ ነው። ተቋሙ ሠራተኛውን የሚቆጣጠርበት መዝገብ በየቦታው አለ፤ ነገር ግን ችግር ተፈጥሮ ካልተመረመረ በቀር የሚያነበው የለም። የመረጃው ባለቤት ታካሚው ራሱ የሚያየው ሲሆን ግን በየቀኑ የሚያነበው ሰው አገኘ ማለት ነው።

«ከግቢ አይውጣ» የሚሉትን ወገኖች ስጋት አቃልዬ አላየውም፤ የሚያቀርቡት ማስረጃ ግን ብዙ ጊዜ ለተቃራኒው ወገን የሚያገለግል ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝን የመንግሥት ሆስፒታሎች ሲመታ፣ የተጠቁት በየሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የነበሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የማይክሮሶፍት ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ግን ብዙ ነበር። ከ19 ሺህ በላይ ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ የሀገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ገምቷል። በየካቲት 2024 በአሜሪካ ቼንጅ ሄልዝኬር በተባለው የሕክምና ክፍያ አቀናባሪ ኩባንያ ላይ የደረሰው ጥቃት ደግሞ የተጀመረው በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። ሌቦቹ የገቡበት በር ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ መለያ የሚጠይቅ ቁልፍ፣ እንዳልነበረው የእናት ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ለሀገሪቱ ምክር ቤት በቃላቸው መስክረዋል። ኩባንያው 22 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ያም ሆኖ መረጃቸው የተነካ ሰዎች ቁጥር ወደ 190 ሚሊዮን ደረሰ፤ ፋርማሲዎችም ለሳምንታት የመድኃኒት ክፍያ ማስተላለፍ ተቸገሩ። ስልክ ላይ የሚመጣ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ማስገባት ጊዜያችንን ይበላል እያልን በየስብሰባው የምናጉረመርም ሰዎች ይህን ብናስታውስ መልካም ነበር።

ክላውድም ቢሆን ከሰማይ የተንጠለጠለ ነገር አይደለም፤ ስሙ እያታለለን እንጂ አንድ ቦታ ላይ ያለ፣ ኤሌክትሪክ የሚበላ፣ ሊቃጠልም የሚችል ቤት ነው። በመጋቢት 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኘው የክላውድ አቅራቢው የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ውስጥ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጥተዋል። ሌላ ከተማ ሁለተኛ ቅጂ የነበራቸው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩን «ክላውዳችሁ አስተማማኝ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ነው ይላል እንጂ አይደለም አይልም። ሁለተኛው ቅጂ የሚቀመጠው በየትኛው ከተማ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ከቅጂው መረጃ መልሳችሁ ለማንሣት የሞከራችሁት መቼ ነው? ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሻጭ ሥራውን ያውቀዋል። ከዚህ ጋር ሊታወቅ የሚገባው፣ ክላውድ አቅራቢው የሚጠብቀው ሕንፃውን፣ ማሽኑንና መስመሩን ሲሆን ለማን ምን እንዲታይ መፍቀድ፣ ከሥራ የለቀቀን ሠራተኛ አካውንት መዝጋትና የይለፍ ቃልን መጠበቅ የተቋሙ ድርሻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከሦስት ወር በፊት የለቀቀ የነርስ አካውንት እስከ ዛሬ የሚሠራ ከሆነ፣ የዓለም ምርጥ ክላውድ ቢገዛም የሚረዳው የለም።

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚያ ነውና። ሠራተኛው የታካሚን ፎቶ በግል ስልኩ የሚልከው ሕግ ስላናቀ አይደለም። ከፊቱ ታካሚ አለ፤ የሚያማክረው ስፔሻሊስት ሌላ ቦታ ነው፤ ከእጁ ያለው መሣሪያ ደግሞ ያ ብቻ ነው። ነገር ግን ምስጢሩን ብንተወው እንኳ የሚላከው ነገር ራሱ የተጓደለ ነው። የራጅ ወይም የሲቲ ምስል በዓለም አቀፉ የሕክምና ምስል ደረጃ በዳይኮም ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ነጥብ 12 ቢት ይይዛል፤ ይህም ከጥቁር እስከ ነጭ 4,096 የግራጫ ደረጃ ማለት ነው። በስልክ የሚነሣው ተራ ፎቶ 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ አፑ ለመላክ እንዲቀልለው ፎቶውን ይጨምቀዋል፤ የስክሪኑ ብርሃን አንጸባርቆበት፣ ካሜራው ተንቀጥቅጦ ሊሆንም ይችላል። ስስ የአጥንት ስንጥቅ ወይም በሳንባ ጥግ ያለች ትንሽ ጥላ የምትሰወረው እንዲህ ባለው ምስል ውስጥ ነው። የታካሚው ስምና ቀን ከምስሉ ፋይል ጋር አብረው ስለማይጓዙም፣ በአንድ ምሽት አራት የራጅ ፎቶ የተላከለት ስፔሻሊስት የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ከላይና ከታች በተጻፈው መልእክት ገምቶ ነው። አንዱ ቢንሸራተት የአንዱን እግር የሌላው አድርጎ ያነባል።

ለዚህ የተሠራ መሣሪያ የሚፈለግበት ጠባይ ብዙም ረቂቅ አይደለም። ፎቶው የሚነሣው በአፑ ውስጥ ሆኖ ጋለሪ ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ታካሚው መዝገብ ይሄዳል፤ ስልኩ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ በተመሰጠረ መልኩ ነው። አፑ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ይቆለፋል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ የተቋሙ ባለሙያ በሥራው አፕ ውስጥ ያለውን ብቻ ከሩቅ ሊያጠፋው ይችላል፤ የሠራተኛው የቤተሰብ ፎቶ አይነካም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ብዙ ሠራተኛ «ስልኬን ሊያጠፉብኝ ነው» ብሎ ስለሚፈራ መጥፋቱን ሳይናገር ሁለትና ሦስት ቀን ያሳልፋል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ነው። መሣሪያው ፈጣን ካልሆነ ግን የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሐኪሙ ወደ ታካሚው መዝገብ ለመግባት ሦስት የይለፍ ቃል አስገብቶ፣ የሚሽከረከር ክብ እያየ አንድ ደቂቃ ከጠበቀ፣ በአራት ሰከንድ ወደሚከፈትለት የወዳጅ ግሩፕ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ሥርዓት የሚገዙ ኃላፊዎች በማሳያ ክፍል ውስጥ በሻጩ ኮምፒውተር ከመደነቃቸው በፊት፣ አንድ ተረኛ ነርስ ጓንት አውልቃ፣ በራሷ ስልክ፣ በዋርዱ የኢንተርኔት መረብ መዝገቡን ለመክፈት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት በሰዓት ቢለኩ እመክራለሁ።

መረብ ሲቋረጥስ? ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ክርክሩን በዚያው የዘጉት ይመስላቸዋል። ከመረብ ውጭ እየሠሩ መረብ ሲገኝ መረጃውን ወደ ማዕከል መላክ ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና በበርካታ ሀገራት የጤና ሚኒስቴሮች የሚጠቀሙበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ለአንድሮይድ ስልክ ባዘጋጀው አፕ ይህንኑ ይሠራል። አስቸጋሪው መቋረጡ ሳይሆን መገናኘቱ ነው። አንድ የጤና ባለሙያ ጠዋት የታካሚውን መዝገብ በታብሌቷ ላይ ጭና ለቤት ለቤት ጉብኝት ትወጣለች እንበል። እሷ ከመረብ ውጭ ሳለች ታካሚው ወደ ክሊኒኩ ሄዶ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ይመዘገባል። ማታ የእሷ ታብሌት መረብ ሲያገኝ፣ የጠዋቱን መዝገብ እሷ ከጨመረችው የክብደት ልኬት ጋር አንድ ላይ ይልካል። ሥርዓቱ «የመጨረሻው ይጽናል» በሚል ደንብ የተሠራ ከሆነ፣ አሮጌው መዝገብ አዲሱን ሙሉ በሙሉ ይተካውና የፔኒሲሊኑ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፤ አንድም ሰው አልተሳሳተም፣ አንድም የስህተት መልእክት አልታየም። የታብሌቱ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ ሄዶ ከሆነማ «የመጨረሻው» የትኛው እንደሆነም አይታወቅም።

መፍትሔው በእኛ ክፍል ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። በካርድ ላይ ቀድሞ የተጻፈ አይፋቅም፤ ስህተት ቢሆን እንኳ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ እንዲነበብ ሆኖ፣ ከጎኑ ተፈርሞበት አዲሱ ከሥሩ ይጻፋል። ክላውዱም እንዲሁ እያንዳንዱን ምዝገባ ለብቻው እንደሚጨመር መስመር እንጂ ሙሉ መዝገቡን እንደሚተካ ገጽ መያዝ የለበትም፤ ሁለት መስመሮች ሲጋጩም ማሽኑ ራሱ ሳይፈርድ ለሰው ማሳየት አለበት። ይህን የሚያውቅ የሶፍትዌር ባለሙያ አለ፤ የማያውቅም አለ። ሲገዛ ካልተጠየቀ ማወቂያው በታካሚው ላይ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ መለያየት። ተቋማት ከሻጭ ጋር ሲዋዋሉ ስለ ሠርጉ እንጂ ስለ ፍቺው አይነጋገሩም። ጎግል ሰዎች የጤና መዝገባቸውን የሚያስቀምጡበትን ጎግል ሄልዝ የተባለ አገልግሎት በ2012 መጀመሪያ ዘጋ፤ ማይክሮሶፍትም ሄልዝቮልት የተባለውን ተመሳሳይ አገልግሎት በኅዳር 2019 ዘጋ። ሁለቱም አስቀድመው አስታውቀው፣ ሰዎች መረጃቸውን እንዲያወጡ ጊዜ ሰጥተው ነው የዘጉት። የዓለም ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ካደረጉ፣ አነስተኛው ሻጭ አንድ ቀን ቢሮውን ዘግቶ ስልክ ባያነሳ ማን ይደነቃል? መረጃው በምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚመለስ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስና ከሻጩ ማሽን መጥፋቱ እንዴት እንደሚረጋገጥ ከመጀመሪያው በውሉ ይጻፍ። ቅርጹን በተመለከተ ዓለም ወደ አንድ እየመጣ ነው፤ ምስል በዳይኮም፣ ሌላው የሕክምና መረጃ ደግሞ ኤችኤል7 የተባለው ድርጅት ባዘጋጀው ፋየር በተሰኘው ደረጃ ቢቀመጥ ሌላ ሥርዓት ሊያነበው ይችላል። ሻጩ «የራሳችን ቅርጽ አለን፣ የተሻለ ነው» ካለ ይመሰገንና ወደሚቀጥለው ሻጭ ይታለፍ።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፤ ከእኔ የተሻሉ የሚጽፉበት አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ጋር መድቦ፣ መረጃ አምልጦ በሰዎች ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ተቋሙ ካወቀበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤትም በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ መረጃው ተመስጥሮ፣ ቁልፉም በእጁ ሳይኖር የሚያስቀምጥ ክላውድ አቅራቢ እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም ብሏል። ሁለቱም ደንቦች የሚነሱት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከሚታወቅበት ቦታ ነው። የእኔ ስልክ ግን በየትኛውም ተቋም ውል ውስጥ የለም፤ ሰዓቱ የሚቆጠረውም ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ከሆነ፣ ልጄ በጠየቀችኝ ምሽት ጀምሮ በሦስተኛው ቀን አልቋል።

ብዙ ኃላፊዎች ይህ ሲነገራቸው የሚመጣላቸው የመጀመሪያ ሐሳብ የታካሚን መረጃ በስልክ መላክ የሚከለክል ሰርኩላር ማውጣት ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰርኩላሮች ተለጥፈው አይቻለሁ፤ ሁለተኛውን ለክፍሉ ሠራተኞች ያሳወቅነው ፎቶ አንስተን በግሩፕ በመላክ ነበር። ክልከላው ያመጣው ለውጥ ቢኖር፣ ቀድሞ በግልጽ ይላክ የነበረው በድብቅ መላኩ፣ ስህተት ሲፈጠርም የሚናገር መጥፋቱ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ስሜ እንዳይወጣ የምለምናችሁም ከዚሁ የተነሳ ነው። መጀመሪያ መሣሪያው ይሰጠን፤ ሥራችንን ከአሁኑ በተሻለ ፍጥነት የምንሠራበት ይሁን፤ መዝገብ ስንከፍት ስማችን ይመዝገብ፤ ባለቤቱም ይየው። ከዚያ በኋላ በግል ስልኩ የላከ ይቀጣ፤ እኔም ብሆን።

ያንን ፎቶ ከስልኬ፣ ከታብሌቱና ከክላውዴ ሰርዣለሁ፤ ክላውዱ የተሰረዘውን ፎቶ ለተወሰኑ ቀናት በቆሻሻ ቅርጫቱ እንደሚያቆይ ቆይቼ ስለተረዳሁ ከዚያም አውጥቼዋለሁ። ሐኪሙንም እንዲሁ እንዲያደርግ ነገርሁት። ስልኩን በመሐሉ ቀይሮ ነበር። አሮጌውን ለማን እንደሰጠው ጠየቅሁት፤ ትንሽ አሰበና እንደማያስታውስ ነገረኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሕክምና መዝገብ ሠራተኛ